ከሞተሩ በፊት ጉልበቱ ይለካ

ክቡር አዘጋጅ፤

መራመድ የተሳናቸውን ሰዎች አቁሞ ስለሚያስኬደው ኤክሶስኬሌተን ስለተባለው ተለባሽ መሣሪያ በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጉዳዩ ቦታ ማግኘቱ ደስ ይላል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች የሚያወራው ስለ አቅም ነው። መሣሪያው ስንት ኪሎ እንደሚያነሣ፣ ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ኮምፒዩተሩ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ተነግሮናል፤ ብረቱ ከሰው እግር ጋር ስለሚገናኝበት ቦታ ግን አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም። ይህን የምጽፈው ጽሑፉን አንብበው «እኛም እንሥራ» ብለው ለሚነሡ ወጣት መሐንዲሶች፣ እንዲሁም መሣሪያውን ለመግዛት ለሚያስቡ የሕክምና ተቋማት ነው። በዚህ ሙያ ብዙ ናሙና ከቤተ ሙከራ ሳይወጣ የሚቀረው ለባሹ ከግማሽ ሰዓት በኋላ «አውልቁልኝ» ስለሚል ነው፤ የሞተር ማነስ ከምክንያቶቹ ሁሉ ትንሹ ነው።

አቅም ብቻውን እንደማይበቃ የቆየ ማስረጃ አለ። ጄኔራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መሥራት የጀመረው ሃርዲማን የተባለ ኤክሶስኬሌተን 680 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር፤ ጉልበት አልጎደለውም። ሁሉም ክፍሎቹ በአንድ ላይ ሲንቀሳቀሱ መቆጣጠር ስላልተቻለ ግን ሙሉ መሣሪያው ሰው ለብሶት ሳይሠራ ቀረ። በዚያው ዘመን በቤልግሬድ ሚሃይሎ ፑፒን ኢንስቲትዩት ሚዮሚር ቩኮብራቶቪች በአየር ግፊት የሚንቀሳቀስ መሣሪያ ሲሠሩ የተነሡት ከሌላ አቅጣጫ ነበር፤ እግሩ የማይታዘዝለትን ሰው ይዘው ሚዛኑ እንዴት እንደሚጠበቅ ነው የጠየቁት። የዛሬዎቹ የሕክምና መሣሪያዎች ዝምድናቸው ከሁለተኛው ጋር ነው።

እርሳስ ከመነሣቱ በፊት የሚመለስ ጥያቄ አለ፦ መሣሪያው ማሠልጠኛ ይሁን ወይስ ምትክ? ስትሮክ መትቶት አንድ ጎኑ የደከመ ሰው እግሩ ይንቀሳቀሳል፤ የጎደለው ብርታትና ቅንጅት ነው። አንጎሉ መንገዱን መልሶ እንዲማር ሰውየው ራሱ መጣር አለበት። መሣሪያው ሥራውን ሁሉ ከወሰደለት ጡንቻው ይለግማል፤ ይህ በተሃድሶ ሮቦቶች ላይ በጥናት የታየ ነገር ነው። ስለዚህ ማሠልጠኛው የጎደለውን ብቻ ይሞላል። ለምሳሌ ጉልበቱ ከታሰበለት መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ቢወጣ ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ከዚያ ሲበልጥ ቀስ እያለ ይመልሰዋል፤ እርምጃው በተሳካ ቁጥር ድጋፉን በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ሲበላሽ መልሶ ይጨምራል። ሕብለ ሰረሰሩ ሙሉ በሙሉ የተጎዳ ሰው ግን ከጉዳቱ በታች ያለው አካሉ አይታዘዘውም፤ ስሜትም የለውም። ለእሱ መሣሪያው አጽምም ጡንቻም ስለሆነ ክብደቱን ወደ መሬት የሚያወርድ ጠንካራ ፍሬም ያስፈልጋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2014 የፈቀደው ሪዎክ የዚህ ወገን ነው። ከዚያው ኩባንያ ወጥቶ በ2019 ፈቃድ ያገኘው ሪስቶር ደግሞ ስትሮክ ያገኘውን ሰው ቁርጭምጭሚት በጨርቅና በካቦ የሚረዳ ነው። «ሁለቱንም በአንድ መሣሪያ እንሠራለን» የሚል ዕቅድ ሲመጣ ከወዲሁ መጠራጠር ይሻላል።

የጨርቁ ዓይነት ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይመኘዋል። ጨርቅ ይስባል እንጂ አይሸከምም፤ ጭነቱ የሚወርደው በራሱ በለባሹ አጥንት በኩል ነው። ካቦውም የራሱን ቀረጥ ይወስዳል። በሽፋኑ ውስጥ ሲያልፍ በጠቅላላው 180 ዲግሪ ከተጠማዘዘና የሰበቃው መጠን 0.1 ከሆነ፣ ከሞተሩ የወጣው ኃይል 27 በመቶው ቁርጭምጭሚት ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ የኃይል መለኪያው ሴንሰር ካቦው በሚያልቅበት ጫፍ ላይ ይገጠማል፤ ሞተሩ አጠገብ የተገጠመ ሴንሰር የሚያሳየው ያልደረሰውን ኃይል ጨምሮ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የሰው ጉልበት የበር ማጠፊያ አይደለም። ሲታጠፍ የጭኑ አጥንት በቅልጥሙ አጥንት ላይ እየተንከባለለና እየተንሸራተተ ስለሚሄድ የመዞሪያው ማዕከል ቦታውን ይቀይራል። መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ያለው አንድ ቋሚ ፒን ነው። ሁለቱ ማዕከላት ሲለያዩ የሚመጣው ጣጣ በቀላሉ ይሰላል፦ የታጠፈው አንግል ግማሹ ተወስዶ ሳይኑ በልዩነቱ እጥፍ ሲባዛ፣ እግሩን የሚይዘው ማቀፊያ በቆዳ ላይ የሚንሸራተተው ርቀት ይገኛል። ፒኑ ቦታውን በ20 ሚሊ ሜትር ቢስት፣ ጉልበቱ በእርምጃ ጊዜ እንደሚሆነው 60 ዲግሪ ሲታጠፍ ማቀፊያው 20 ሚሊ ሜትር ይንሸራተታል፤ ለመቀመጥ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ 28 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ማቀፊያው ጠብቆ ከታሰረ መንሸራተቱ ወደ ጉተታ ይለወጣል፤ ቆዳ ይፋቃል፣ የመገጣጠሚያው ጅማቶች ይወጠራሉ። ላልቶ ከታሰረ መሣሪያው በየእርምጃው ወደ ታች ይወርዳል፤ በወረደ ቁጥር ደግሞ የፒኑ ልዩነት ይብሳል። አንዳንዱ ቡድን ይህን አይቶ ሞተሩን ያሳድጋል፤ ሞተሩ ሲያድግ ጉተታው ይጨምራል።

ፒኑ የት እንደሚውል የኦርቶሲስ (የደከመ አካልን ከውጭ የሚደግፍ መሣሪያ) ባለሙያዎች ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል፤ መሐንዲሱ እንደ አዲስ መፈልሰፍ የለበትም። በጉልበቱ የውስጥ ጎን ሁለቱ አጥንቶች የሚገናኙበት መስመር በጣት ይፈለግና ምልክት ይደረግበታል፤ ከዚያ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይባላል። ቀጥሎ ከፊት ወደ ኋላ ያለው ውፍረት የጉልበት ሎሚው ሳይጨመር ይለካል። ፒኑ የሚውለው መሐሉ ላይ አይደለም፤ ከፊቱ 60፣ ከኋላው 40 በመቶ የሚተርፍበት ነጥብ ላይ ነው። ዳሌ ላይ ከሆነ በጎን በኩል ከሚዳሰሰው የጭን አጥንት ጉብታ ከፍ ብሎ ትንሽ ወደ ፊት ይሆናል። ቁርጭምጭሚት ላይ የውጪው ጉብታ ከውስጠኛው ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ ስለሚል የመዞሪያው ዘንግ ያዘነበለ ነው፤ ይህን ችላ ብሎ አግድም የገጠመ ሰው እግሩ በየእርምጃው ሲጠመዘዝ ያየዋል። ምልክቶቹ ለባሹ ተቀምጦም ቆሞም ይፈተሹ፤ ሥጋ ቦታውን ይቀይራል።

የጭንና የቅልጥም ዘንጎቹ ርዝመት በ5 ሚሊ ሜትር እርከን የሚስተካከል ይሁን። በማቀፊያውና በዘንጉ መካከል ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር በነጻ የሚንሸራተት አጭር ሐዲድ ከተጨመረ የተረፈውን ስሕተት ይውጠዋል። ማዕከላቸው ከጉልበቱ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ ውስብስብ ማጠፊያዎችም አሉ፤ ግን የአንዱ ሰው ጉልበት የሚሄድበት መንገድ የሌላው ስላልሆነ ተራው ፒን ከተንሸራታች ሐዲድ ጋር ብዙ ጊዜ የተሻለ ያገለግላል፤ ሲበላሽም ለመጠገን ይቀላል።

ከዚያ ኃይሉ ቆዳን የሚገፋበት ነገር አለ። ጉልበት ላይ 40 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ሞተር፣ ማቀፊያው ከፒኑ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ ከሆነ ቅልጥሙን በ200 ኒውተን ይገፋል፤ 20 ኪሎ ግራም እንደ መጫን ነው። ይህ 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ በሆነ ጠባብ ማሰሪያ ላይ ሲያርፍ ግፊቱ 50 ኪሎ ፓስካል፣ በደም ግፊት መለኪያ አነጋገር 375 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። ማቀፊያው 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ወርዶ ስፋቱ 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢደረግ ወደ 83 ይወርዳል። ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች የሚዘጉበት ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መጠን 32 ነው፤ ስለዚህ 83ቱም የሚቻለው በየእርምጃው መጥቶ ስለሚለቅ ብቻ ነው። ለባሹ ለረጅም ጊዜ ሲቆም አይለቅም፤ በየጥቂት ደቂቃው ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እንዲያዞር መሣሪያው በድምፅ ያስታውሰው።

ከጉልበት በታች በውጪ በኩል፣ የትንሿ ቅልጥም አጥንት ራስ ባለችበት፣ ነርቭ ከቆዳ ሥር ብዙም ሳይጠልቅ ያልፋል። ማሰሪያ እዚያ ላይ ከተጫነ ለባሹ የእግሩን ጫፍ ወደ ላይ ማንሣት ያቅተዋል፤ ሊረዳ የመጣው መሣሪያ አዲስ ጉዳት ጥሎ ይሄዳል። ማሰሪያው ከዚያች ነጥብ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። የቅልጥሙ ፊትም ሥጋ የለበትም፤ ማቀፊያው በዚያ ቦታ ተቦርቡሮ ግፊቱ ለሁለቱ ጎኖች ይከፈል፤ ጠርዞቹ ሁሉ ወደ ውጭ ይታጠፉ። ስፖንጁ ሁለት ድርብ ይሁን፤ ከቆዳ በኩል ለስላሳ 5 ሚሊ ሜትር፣ ከብረቱ በኩል ጠንከር ያለ 5 ሚሊ ሜትር። ስሜት የሌለው ሰው መጀመሪያ ሲለብሰው ከ15 ደቂቃ አይበልጥ፤ ከዚያ ይውለቅና ቆዳው ይታይ። የታየው ምልክት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ ማቀፊያው ተመልሶ ይሠራል እንጂ «ይለምደዋል» አይባልም። በጠቆረ ቆዳ ላይ ቅላት ላይታይ ስለሚችል በእጅ ጀርባ ሙቀቱ፣ በጣት ጥንካሬው ይዳሰስ። ማሰሪያው ደግሞ ተቀምጠው ያጠበቁት ሲቆሙ ይላላል፤ ጡንቻው ቅርጹን ስለሚቀይር ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። ሲቆም እንደገና፣ ከ10 ደቂቃ ጉዞ በኋላም አንድ ጊዜ ይጥበቅ።

ሞተሩ አሁን ይምጣ። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጤነኛ ሰው በተለመደው ፍጥነት ሲራመድ ቁርጭምጭሚቱ መሬቱን የሚገፋበት ኃይል 100 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። ጉልበቱ በእርምጃ ጊዜ የዚያን ግማሽ እንኳ አይፈልግም፤ ከወንበር ሲነሣ ግን እያንዳንዱ ጉልበት ከ60 እስከ 70 ሊጠይቅ ይችላል። ፍጥነቱም ይታሰብ። እግሩ ወደ ፊት ሲወረወር ጉልበት በሰከንድ 360 ዲግሪ ገደማ ይዞራል፤ በደቂቃ 60 ዙር ማለት ነው። በደቂቃ 3000 ዙር ለሚዞር ሞተር 50 ለ 1 የሆነ ጊር ይገጥማል፤ የጊሩ ብቃት 80 በመቶ ከሆነ 40 ኒውተን ሜትር ለማውጣት ሞተሩ 1 ኒውተን ሜትር መስጠት አለበት። ዝግ ብሎ ለሚሄደው የተሃድሶ እርምጃ የፍጥነቱ ግማሽ ይበቃል።

ጀማሪ የሚወድቅበት ወጥመድ እዚህ አለ። ትንሽ ሞተር ገዝቶ ጊሩን 100 ለ 1 ማድረግ የሚያዋጣ ይመስላል። የሞተሩ ተሽከርካሪ አካል ኢነርሺያ፣ ማለትም እንቅስቃሴው ሲቀየር የሚያሳየው እምቢታ፣ ወደ ጉልበት ሲሻገር ግን በጊሩ መጠን ስኩዌር ይባዛል። ኢነርሺያው 0.0001 ኪሎ ግራም ሜትር ስኩዌር የሆነ ሞተር በ100 ለ 1 ጊር 1 ይሆናል። ከጉልበት በታች ያለው የአዋቂ ሰው እግር በሙሉ 0.4 ገደማ ነው። ስለዚህ ለባሹ አንዱን እግር ለማወዛወዝ ሁለት ተኩል እግር ጨምሮ ይገፋል። ያው ሞተር በ50 ለ 1 ጊር 0.25፣ በ10 ለ 1 ደግሞ 0.01 ነው። ለምትክ መሣሪያ ከባዱ ጊር ይቻል ይሆናል፤ በማሠልጠኛ ላይ ግን የደከመው እግር መሣሪያውን ገፍቶ ማንቀሳቀስ መቻል አለበት። መፍትሔው ሰፋ ጠፍጠፍ ያለ ሞተር በዝቅተኛ ጊር መጠቀም ወይም በጊሩና በዘንጉ መካከል ስፕሪንግ ማስገባት ነው። የስፕሪንጉ ሌላ ጥቅም፣ ምን ያህል እንደተጨመቀ ሲለካ ኃይሉም አብሮ መለካቱ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ ማቀፊያው በስፕሪንግ ሚዛን ቀስ ተብሎ ይሳብ። ከ10 ኒውተን በላይ ከጠየቀ፣ በእኔ ግምት ስትሮክ ለመታው ሰው ከብዷል። ክብደቱ የተቀመጠበት ቦታም ለብቻው ይታይ፤ እግር ጫፍ ላይ ያለ 1 ኪሎ ግራም ወገብ ላይ ካለው በብዙ እጥፍ ያደክማል። ሞተሩን ከቁርጭምጭሚት ወደ ባት፣ ባትሪውንና ኤሌክትሮኒክሱን ወደ ወገብ ማውጣት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ባትሪው ወገብ ላይ ሲወጣ ደግሞ ለባሹ ወንበር ላይ ተደግፎ መቀመጥ መቻሉ ይረጋገጥ፤ ስዕሉ ላይ ሁልጊዜ ቆሞ ስለሚታይ ይህ ይረሳል።

ስለ ባትሪ ጽሑፋችሁ ያነሣው ሰዓቱን ብቻ ነው። 10 የሊቲየም ሴሎች በተከታታይ ሲገናኙ 36 ቮልት፣ ሙሉ ሲሆኑ 42 ቮልት ይሆናሉ፤ 5 አምፔር ሰዓት ካላቸው 180 ዋት ሰዓት ይይዛሉ፤ መሣሪያው በአማካይ 120 ዋት ቢወስድ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እስከዚህ ድረስ የሒሳብ ጉዳይ ነው። አደጋው የሚመጣው ኃይሉ ወደ ኋላ ሲመለስ ነው። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ሲቀመጥ 40 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል 275 ጁል ይለቀቃል፤ ሞተሮቹ በዚያን ጊዜ ጄኔሬተር ሆነው ወደ ባትሪው ይሰዳሉ። አብዛኛው በጊሩና በሽቦው ሙቀት ሆኖ ቢጠፋም የሚተርፍ አለ። ባትሪው ገና ከቻርጀር የተነሣ ከሆነ መከላከያ ሰርኪዩቱ «ሞልቻለሁ» ብሎ በሩን ይዘጋል። መሄጃ ያጣው ኃይል በሞተሩ መቆጣጠሪያ ላይ ባለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ዕቃ) ይከማቻል፤ የ1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከ42 ቮልት ወደ 63 ቮልት ለመውጣት የሚፈልገው 1 ጁል ብቻ ነው። የሞተሩ መቆጣጠሪያ ይቃጠላል፤ ሰውየው ግማሽ መንገድ ተቀምጦ እያለ ፍሬኑ ይጠፋል። መከላከያው ርካሽ ነው፦ ቮልቴጁ 44 ሲያልፍ ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚቀይር ሬዚስተር ይገጠም፤ ባትሪውም ከ90 በመቶ በላይ አይሞላ።

ድንገተኛ ማቆሚያውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ለፋብሪካ ማሽን ማቆም ማለት ኤሌክትሪክ መቁረጥ ነው፤ ቆሞ ላለ ሰው ኤሌክትሪክ መቁረጥ ማለት መውደቅ ነው። ጉልበቱን መቆለፍም አያድን፤ እግሩ በአየር ላይ እያለ ከተቆለፈ ለባሹ ይደናቀፋል። የሚሻለው ሦስቱ የሞተር ሽቦዎች ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ራሱ ሽቦዎቹን በሚያገናኝ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) እርስ በርስ እንዲገናኙ ማድረግ ነው። ሞተሩ ያኔ ራሱ ፍሬን ይሆናል፤ ጉልበቱ በዝግታ ይታጠፋል፤ አጠገቡ ያለው ፊዚዮቴራፒስት የወገብ መያዣውን ለመጨበጥ ጊዜ ያገኛል። ይህ የሚሞከረው በሰው አይደለም፦ 70 ኪሎ ግራም የአሸዋ ጆንያ ፍሬሙ ላይ ታስሮ መሣሪያው ቆሞ ሳለ የባትሪው ሶኬት ይነቀል፤ ጆንያው ለመውረድ ከ2 ሰከንድ ያነሰ ከፈጀበት ፍሬኑ ደካማ ነው። ጉልበት ከ0 ዲግሪ አልፎ ወደ ኋላ እንዳይሰበር፣ ከ115 በላይም እንዳይታጠፍ የሚያግደው ነገር ብረት ይሁን። በኮድ የተጻፈ ገደብ ኮዱ ሲሳሳት አብሮ ይሳሳታል።

ኮዱን በተመለከተ በአጭሩ። የኃይል መቆጣጠሪያው ዙር በሰከንድ 1000 ጊዜ፣ የእርምጃውን ደረጃ የሚለየው ክፍል 100 ጊዜ ቢሠራ ይበቃል። ኢንኮደር፣ ማለትም የመዞሪያ አንግል የሚለካ ሴንሰር፣ ሁለት ቦታ ይገጠም፤ አንዱ ሞተሩ ላይ፣ ሌላው ከጊሩ ወዲህ መገጣጠሚያው ላይ። ሁለቱ ካልተስማሙ አንድ ብሎን ተንሸራቷል ወይም ጥርስ ዘሏል ማለት ነው፤ መሣሪያው ወዲያው ወደ ፍሬን ይግባ። የመገጣጠሚያው ኢንኮደር ሲበራ አንግሉን የሚያውቅ ዓይነት ይሁን፤ ዜሮውን ለመፈለግ የሰው እግር ይዞ የሚወዛወዝ መሣሪያ አይሠራ።

የሚበዛው ስሕተት የሚገኘው ግን የእርምጃ መለያው ላይ ነው። ብዙ ንድፍ ተረከዝ ሥር ባለ ማብሪያ ይጀምራል፤ ተረከዝ ሲነካ እርምጃው ጀመረ ይላል። ስትሮክ የመታው ሰው ግን ብዙ ጊዜ በእግሩ ጣቶች ነው የሚያርፈው፤ ተረከዙ መሬት ላይነካ ይችላል፤ ማብሪያውም ዝም ይላል። ቅልጥም ላይ የሚታሰር ጋይሮስኮፕ እግሩ ወደ ፊት ሲወረወር ያለውን ፍጥነት ስለሚያይ የበለጠ ይታመናል፤ ማብሪያው እንደ ሁለተኛ ምስክር ይቀመጥ። ጊዜው ሲሳሳት የሚሆነውን ለማየት ቁርጭምጭሚቱን መውሰድ ይበቃል። እግሩ ገና መሬት ላይ ሳለ መምጣት የነበረበት ግፊት ዘግይቶ እግሩ ሲነሣ ከመጣ፣ ጣቶቹን ወደ ታች ይገፋና ያደናቅፋል። ስለዚህ ጥርጣሬ ሲኖር ኃይሉ ይቅር፤ የዘገየ እርዳታ ከአለመርዳት ይብሳል። ጃፓን ውስጥ በዮሺዩኪ ሳንካይ የተመሠረተው ሳይበርዳይን ኩባንያ የሚሠራው ሃል የተባለ ኤክሶስኬሌተን የጡንቻን ኤሌክትሪክ ከቆዳ ላይ ያነብባል፤ ምልክቱ ከእንቅስቃሴው ቀድሞ ስለሚመጣ ጥሩ ነው። ላብ፣ የተላቀቀ ኤሌክትሮድና ትናንት ከተለጠፈበት ቦታ 2 ሴንቲ ሜትር መራቅ ግን ንባቡን ይቀይሩታል፤ በየቀኑ ከመልበስ በፊት እንደገና መመጠን አለበት።

ጥንካሬው ሲፈተን ቁጥሩ ትልቅ ነው። አንድ እግር በደቂቃ 50 ጊዜ ቢወዛወዝ በሰዓት 3000 ነው፤ በቀን አንድ ሰዓት ለ300 ቀናት 900 ሺህ ይሆናል። በዚህ ጉዞ መጀመሪያ የሚሞተው ጉልበት ላይ የሚያልፈው ሽቦ ነው፤ በፒኑ ዙሪያ ላላ ያለ ጥቅልል አድርጎ በሁለቱም ጫፍ መያዝ ዕድሜውን ያረዝማል። ቀጥሎ ብሎኖች ይላላሉ፤ በብሎን ሙጫ ይጠበቁና ከብሎኑ ራስ እስከ ብረቱ ቀጭን የቀለም መስመር ይሰመርባቸው፤ መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል። በስሪዲ ፕሪንተር የታተመ ፕላስቲክ ለሽፋንና ለማቀፊያ ሙከራ ደህና ነው፤ ሰው የሚሸከም ዘንግ ግን ከ6061 ወይም ከ7075 አሉሚኒየም ይሁን። የታተመው ነገር በንብርብሮቹ መካከል የሚሰነጠቀው ያለ ማስጠንቀቂያ ነው።

መሣሪያው ለሁሉም ሰው እንደማይሆን ጽሑፋችሁ ቢጠቅስ መልካም ነበር። ሕብለ ሰረሰሩ ከተጎዳ ዓመታት ያለፉት ሰው በተለይ ጉልበቱ አካባቢ አጥንቱ ይሳሳል፤ በእነዚህ መሣሪያዎች ሥልጠና ላይ የአጥንት ስብራት መድረሱ ተመዝግቧል። የአጥንት ጥግግት ምርመራ ሳይደረግ አይቁም። ጉልበቱ ወይም ዳሌው ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋ፣ ከባድ የጡንቻ መኮማተር ያለበት፣ የተከፈተ የግፊት ቁስል ያለበት ሰውም መጀመሪያ ይታከም። ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ የኖረ ሰው ሲቆም የደም ግፊቱ ሊወርድ ስለሚችል ከመቆሙ በፊትና ከቆመ በኋላ ይለካ። ጉዳቱ ከደረት ስድስተኛው አከርካሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ የጠበቀ ማሰሪያ ብቻ የደም ግፊቱን በድንገት ሊያስወነጭፍ ይችላል፤ ራስ ምታትና የፊት ላብ ሲታይ ማሰሪያው ይፈታ፣ ሰውየውም ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ለሚገዙ ተቋማት፦ ሻጩን ስለ አደጋ ትንተናው አይኤስኦ 14971ን፣ ስለ ተሃድሶ ሮቦት ደኅንነት አይኢሲ 80601-2-78ን የተባሉትን ዓለም አቀፍ ደረጃዎች ጠቅሳችሁ ሰነዱን ጠይቁት። መልሱ ቪዲዮ ብቻ ከሆነ ግዢው ይቆይ።

ለመጀመር ለሚፈልጉ ቡድኖች የምመክረው ሁለት እግርና አራት ሞተር ይዘው እንዳይነሡ ነው። አንድ መገጣጠሚያ፣ አንድ እግር፣ ተቀምጦ በሚደረግ ልምምድ ይበቃል። አንድ ሞተር ከ10 ለ 1 ጊር ጋር፣ ሁለት ኢንኮደሮች፣ አንድ ተንሸራታች ሐዲድ፣ ሁለት ማቀፊያዎች፣ ሁለት የብረት ማቆሚያዎች፤ ከሰው ጋር የሚሠራው ኃይል መጀመሪያ ከ5 ኒውተን ሜትር አይለፍ። የኦርቶሲስ ባለሙያና ፊዚዮቴራፒስት ከመጀመሪያው ስዕል ጀምሮ አብረው ይቀመጡ፤ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚጠሩ ከሆነ የሚሰጡት አስተያየት ሁሉ «ይፍረስ» ነው የሚሆነው። ባትሪ የሌለው መንገድም አለ። እስቲቨን ኮሊንስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት የቁርጭምጭሚት መሣሪያ ሞተር የለውም፤ በእያንዳንዱ እግር ግማሽ ኪሎ ግራም ገደማ ነው። እግሩ መሬት ላይ ሲሆን ስፕሪንጉን የሚይዝ፣ ሲነሣ የሚለቅ ትንሽ ክላች አለው፤ ጤነኛ ሰዎች ለመራመድ የሚያወጡትን ኃይል በ7 በመቶ ቀንሷል። ለታማሚ ሲሠራ የስፕሪንጉ ጥንካሬ ለየሰው ተለክቶ ይቀየራል፤ በጣም የጠነከረ ስፕሪንግ ጉልበቱን ወደ ኋላ ስለሚገፋው ከለስላሳው ተጀምሮ በየደረጃው ወደ ጠንካራው ይኬዳል።

ከአክብሮት ጋር፤
የተሃድሶ መሣሪያዎች ንድፍ ባለሙያ